ዘግይቶ የሚቀበለው ልጄ

ዛሬ ከሚሴ ከተማ፣ ካሴት ቤት ቁጭ ብዬ የሟች ልጄን የሰይድን ድምፅ ሰማሁ።

በሰፈራችን መንዙማ ሲባል የተቀዳውን አሮጌ ካሴት ባለሱቁ በኮምፒውተር ሁለት ዓይነት አድርጎ አጽድቶልኛል። በመጀመሪያው፣ ሽሽ የሚለው ድምፅ ሲጠፋ፣ መንዙማውን ከሚቀበሉት መሀል ሰይድ ብቻውን ዘግየት ብሎ ሲቀበል ተሰማኝ። የጨፋ ሜዳ ጉም ሲገፈፍ ከብቶቹ አንድ በአንድ እንደሚታዩት ዓይነት ነው።

"ሁለተኛው ይሻላል እናቴ፤ የሚዘገየውን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬዋለሁ" አለኝ ባለሱቁ።

ሰማሁት። ያምራል፤ ሰይድ ግን እንደሌሎቹ ሆኖ ጠፋብኝ።

"ኧረ ተወው! እሱ ለምሳም ለሶላትም ዘግይቶ ነው የሚደርስ" አልኩት፤ ሳቅን።

የመጀመሪያውን ይዤ ወጣሁ። ሰይድ እኔን የቀደመኝ በሞት ብቻ ነው፤ አላህ ይዘንለት።

እናንተስ፣ ከሄደባችሁ ሰው የትኛው ጉድለቱ ናፈቃችሁ?