ሪያል ሰባት ብር በነበረ ጊዜ

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የባንክ ደረሰኝ ግን እንደ እሷ የሚያከብር ሰው አላየሁም። ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ገንዘብ በላከች ቁጥር፣ ፍኖተ ሰላም ባንክ የሰጡኝን ወረቀት ቡሬ አጠገብ ላለችው እናቴ እወስድላታለሁ። ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ ታደርገውና፣ «ስንት ቀራት ይላል?» ትለኛለች። ወረቀቱ የልጇን መምጫ የሚናገር ይመስላታል። «ትንሽ ቀራት» እላታለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ትንሽ ቀራት ስል ኖርኩ።

እህቴ የሄደችው ለቤት ነው። ፍኖተ ሰላም መንገድ ዳር ባለችን ቁራሽ ቦታ ላይ ከፊቷ ሱቅ ያላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልትሠራ፣ ሱቋን ከፍታ ልትቀመጥ። የቤቱ ብር ሞላ ብለን በነገርናት ማግስት ተነስታ ትመጣለች። ብሩን የማስቀምጠው ደግሞ እኔ፣ ታላቅ ወንድሟ። ለምን እኔ? የሁለተኛ ደረጃ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኛ! ምንዛሬ ማለት ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ለሰው ልጅ የማስተምር አዋቂ!

ቡሬ በቆሎ የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ገበሬው ያምናቸዋል። ዐረብ አገር ያሉ ልጆችም በእሳቸው በኩል ገንዘብ ይልካሉ፤ ባንክ የሚባል ደጅ ሳይረግጥ እቤት ይደርሳል። አንድ ቀን ገበያ ላይ እጄን ይዘው፣ «መምህር፣ ምንዛሬውን ተባንክ እኔ አሻሽልልሃለሁ። እሱስ ይቅር፣ ብር አድርገህ ግን አታቆየው። ቆርቆሮ ግዛበት፣ ሚስማር ግዛበት፤ ያው ቤት አይደል የምትሠሩ?» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ሰው እየሰማኝ ስለ ሕግና ስለ አገር ኢኮኖሚ አስተማርኳቸው። «እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል?» አልኳቸው። ሳቁና ሄዱ።

ከዚያ ብሩን ለቀቁት። ምንዛሬውን ገበያው ይወስነው ተባለ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ዜናውን ስንሰማ አንዱ ባልደረባዬ፣ «የምንዛሬ ምዕራፍህ በእግሩ መጣልህ» ብሎ ቀለደብኝ። ጥቂት ቆይቶ ከመንግሥት ሊያስረዳን የመጣ ሰው አዳራሽ ሰብስቦን፣ «ገበሬው ዶላር አይበላ፤ እዚህ አካባቢ የሚጎዳ የለም» አለ። የሚጎዳ የለም! ተነስቼ ልናገር ፈልጌ ነበር። አልተነሳሁም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሌላው አጨብጭቤ የወጣሁት እኔም ነኝ።

ወራት አለፉና ሪያል ሠላሳ ብርን ተሻገረ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄጄ ደረሰኞቹን ከሳጥኗ አስወጣሁና መደቡ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። በእያንዳንዱ ላይ የዕለቱ ምንዛሬ ተጽፏል። የመጀመሪያው ላይ አንድ ሪያል ሰባት ብር ከምናምን ሳንቲም ነው። ከዚያ ስምንት። ከዚያ አሥር፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት። ልጅቷ ያኔ በሰባት ብር የመነዘረችውን ሪያል መልሼ ልግዛላት ብል፣ ወለዱን ደምሬ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ቢገኝ ነው። ስንት ምንጣፍ ጠርጋለች፣ የስንት ሰው ልጅ አዝላለች! ጉልበቷ እዚያ ሙሉ ዋጋውን አውጥቷል። የረከሰው እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እኔ በሥርዓት፣ በሕግ፣ በደብተር አስቀምጬው። ቆርቆሮውና ሲሚንቶውማ ብሩን ጥለውት ከሄዱ ቆዩ።

እናቴ ከበሩ ሆና፣ «ምን ይላል? ስንት ቀራት?» አለችኝ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ መለስኩላት።

በማግስቱ እህቴ ደወለች። የተጠራቀመውን ነገርኳት፤ ስትሄድ ካሰበችው በላይ ነበር።

«ብሩን አይደለም ጋሼ። ስንት ሪያል ነው?»

ነገርኳት። ከበስተኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። በዐረብኛ አባብላው ተመለሰች።

«እንግዲያ ሌላ ሁለት ዓመት ልፈርም ነው» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስደቢኝ ብዬ ልለምናት ምንም አልቀረኝ።

«ደግሞ ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ። ከእንግዲህ አንተ አታስቀምጥልኝ።»

ብሩን አስረው ያቆዩትንም፣ ፈትተው የለቀቁትንም እረግማለሁ። ያንን አዳራሽ የሰበሰበንን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው ምን እንደምለው በልቤ ስንት ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። ክፍል ውስጥ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ደግሞ ጠመኔ እሰብራለሁ። ተማሪዎቼ ምን እንደነካኝ አያውቁም።

ባለፈው ወር ነጋዴው ሽማግሌ እናቴ ቤት መጡ። እህቴ አሁን በእሳቸው በኩል በላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝተው በጋሪ አስጭነዋል። እናቴ ቆርቆሮውን ዳበስ ዳበስ አደረገችና እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቱስ?»

«የኔ ወረቀት የለውም» አሉ እሳቸው፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

እናቴ እጇን ሰብስባ ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያ እርስዎ ይንገሩኝ። ስንት ቀረኝ አለችዎ?»

እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ቆርቆሮውን ከጋሪው ሳወርድ።