ልብስ ሰፊው ኢድሪስና አዲሱ ክኒን

አሶሳ ሥራ በጀመርሁበት ዕለት በእጄ የገባው የመጀመሪያ የሥራ መሣሪያ የብረት መጋዝ ነበር። በሰንሰለት ታስሮ የመጣ በሽተኛ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ የቁልፉን መክፈቻ የያዘው አጎቱ ደግሞ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ወሬ ይዞ ቀርቷል። የክሊኒኩ ዘበኛ መጋዙን ከዕቃ ቤት አወጣና «የአእምሮ ነርሱ አንተ ነህ አሉ፤ እንግዲህ እንካ» አለኝ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ከየአገሩ የተመደብን ሠራተኞች እንጎርፍ ነበር። እኔ ከጎጃም ነው የመጣሁት። ክሊኒኩን የከፈተው አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ዛሬ በቦታው የለም። አንድ ሐኪም፣ ጥቂት ነርሶችና ጤና ረዳቶች፣ አንድ ሽማግሌ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበሩት። የአእምሮ ክፍል የተባለው የፍራሽ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ሠራተኛውም አለቃውም እኔው ነበርሁ።

የታሰረው ሰው ኢድሪስ ይባላል። የአሶሳ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው፤ የአፍ መፍቻው የበርታ ቋንቋ፣ አማርኛው የገበያ አማርኛ። ወንድሙ ከሞተ በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ ከዚያ የስፌት መኪናዬን ሊያቃጥሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ እያለ በር ላይ መቀስ ይዞ ይጠብቅ ጀመር። ሚስቱ ሀዋ አጠገቡ ቆማ ነበር። «ሰው ሁሉ ጠላት ነው ይላል። እኔንም ጠላት ነው አለ» ብላ አለቀሰች።

ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የቆየ የአእምሮ መድኃኒት ጀመርንለት። መጀመሪያ በመርፌ፣ ቀጥሎ በክኒን። ተኛ፤ በላ፤ ጠላቶቹም አንድ በአንድ ከአሶሳ ወጡለት። ክረምቱ ሳይገባ መኪናው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን የምለው መድኃኒት ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ምስክር እንዳያደርጉኝ ነው። አሮጌው መድኃኒትም ያለ ጣጣ አይደለም፤ አፍ ያደርቃል፣ ያደነዝዛል፣ በዚያ የአሶሳ ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላል። ኢድሪስ ሰፊ ባርኔጣ ገዛ፤ እኛም መጠኑን ቀስ እያልን ቀነስን።

የመቀነሻ ሚዛናችን መርፌና ክር ነበር። ክኒኑን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ፊቴ ተቀምጦ ክር መርፌ ውስጥ እንዲያስገባ አደርገዋለሁ። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዐይኑ ከከበደ መድኃኒቱ በዝቷል። ሰው መዳኑን የማውቀው በራሱ ሥራ ነው እንጂ እኔ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነኝ» በማለቱ አይደለም። ዶክተሩ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ጋሽ ደምሴ፣ ግንበኛ ሲመጣ ግድግዳ ሊያስገነቡት ነው?» ይለኛል።

በዚህ መካከል የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ከተማችን ገባ። አዲስ ክልል ማለት አዲስ ግዥ ማለት እንደሆነ ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ክራባት አስሮ፣ የሆቴል ምሳ ጋብዞ ስለ አዲሱ ክኒን ነገረን። አያደነዝዝም፣ አፍ አያደርቅም፣ አያወፍርምም አለ። ለጊዜው በነጻ ነው። ለእያንዳንዳችን እስክሪብቶ፣ ለክሊኒኩ የግድግዳ ሰዓት ሰጠን፤ ሁሉም ላይ የክኒኑ ስም አለ።

«በማን ላይ ነው የተሞከረው?» አልሁት።

«በውጭ አገር ነው፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች።»

«እኛ ጋ በሽተኛው ነገ ማረስ፣ መስፋት አለበት። ሙከራው ውስጥ እንደሱ ዓይነት ሰው ነበር?»

ሳቀና ሁለተኛ እስክሪብቶ ጨመረልኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አልሁ በልቤ። ዳሩ ግን ምሳውን እኔም በልቻለሁ።

ዶክተሩ ወጣት፣ ትጉህና ቅን ሰው ነበር። ለበሽተኞቹ የተሻለ ነገር መጣ ብሎ ከልቡ አመነ። ኢድሪስን ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንድናዛውረው አዘዘ። «ደህና የሆነን ሰው ለምን እንነካካዋለን?» ብዬ ተከራከርሁ። «በአሮጌ መድኃኒት ደህና ከሚሆን በአዲሱ ቢሆን ይሻለዋል» አለኝ። ትእዛዝ ነውና አዛወርነው።

ብዙም ሳይቆይ ኢድሪስ ያለ ቀጠሮው መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። እግሮቹ ወለሉ ላይ የስፌት መኪና ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ይረግጣሉ። ክሩን መርፌ ውስጥ አስገባ፤ እጁም ዐይኑም ደህና ነው።

«ዶክተር፣ ወላሂ ልብ ደህና ነው» አለኝ፤ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው። «ሰው ጠላት አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። እግር ብቻ እምቢ አለ። ቁጭ በል እለዋለሁ፣ አይሰማም። መኪና ላይ እንዴት ልሥራ?»

ለዶክተሩ ነገርሁት። «በሽታው እየተነሣበት ነው፤ መጠኑን እንጨምር» አለ።

«የተነሣው እግሩ ነው እንጂ በሽታው አይደለም፣ ዶክተር።»

ጨመርን። ኢድሪስ ባሰበት። ገበያውን ከጠዋት እስከ ማታ ይዞረው ጀመር። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ነበርና ደንበኞቹ ጨርቃቸውን እየወሰዱ ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ። «ኢድሪስ ዳግመኛ አበደ» ተባለ። ሀዋ እየሮጠች መጥታ «አጎቱ ሰንሰለት አወጣ። ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ ያስራሉ። ኢድሪስ አላበደም፣ እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ያጠፋው ክኒኑ፣ የሚታሰረው ሰውየው።

ያን ሰሞን ወኪሉ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ክኒናችሁ ሰው ዕረፍት ይነሣል ወይ አልሁት። «ዕረፍት የሚነሣው በሽታው ነው። መጠኑ አንሶ ይሆናል» አለኝ። ሲሻለው ክኒኑ ነው፣ ሲብሰው በሽታው ነው። በሁለቱም መንገድ የሚያተርፍ ነጋዴ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሩን ለመንሁት። «የጋውንዎ ኪስ ተቀዷል፤ ኢድሪስ ጋ ሄደን እናሰፋው። ቁጭ ብለው ይዩት፤ ከዚያ መጠኑን ይጨምሩ ካሉኝ እጨምራለሁ።» እየተነጫነጨ መጣ።

ኢድሪስ መኪናው ላይ መቀመጥ ስላልቻለ ቆሞ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ ኪሱን በእጁ ሰፋው። እየሰፋ የዶክተሩን እናት ጤና ጠየቀ፤ ባለፈው ጋውኑን ሲለካው ትከሻው እንደጠበበው አስታወሰ፤ በመጨረሻ የሰንሰለቱን ነገር አነሣ። «እሰሩ ቢሉ እታሰራለሁ። እግር ግን ታስሮም ይረግጣል» አለ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይህ ሰው አላበደም» አለ።

ከዚያው ወደ አጎትየው ቤት ሄደን ማሰሩን እንዲተው አሳመንነው። ክኒኑን ቀንሰን አቆምን፤ ወደ አሮጌው መለስነው። እግሩ ቀስ በቀስ ዐረፈ። መኪናው ላይ ሲቀመጥ ያየሁ ዕለት ገበያ መሀል እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

ወኪሉ በሚቀጥለው ጉዞው ሲመጣ ዶክተሩ ሁሉንም ነገረው። «ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያ ገበያ ወርዶ ኢድሪስ ዘንድ ሱሪውን አሳጠረ። ኢድሪስ በኋላ ሲያጫውተኝ «ፎቶ አነሣኝ። ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ነገሩ አላማረኝም፤ ግን ፎቶው ከተነሣ ወዲያ ምን ላድርግ?

በዓመቱ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ኩባንያው ለክሊኒኩ የግድግዳ ካሌንደር ላከ። ገለጥነው። ኢድሪስ ባርኔጣውን እንዳደረገ መኪናው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ከሥሩ «ወደ ሥራው ተመለሰ» የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑ የአዲሱ ክኒን ስም። ዶክተሩ ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ሰዓት አወረደ።

ካሌንደሩን ለራሱ ለኢድሪስ ወሰድሁለት። ሀዋ ፊቷን ሸፈነች። ኢድሪስ ግን ሥዕሉን እያገላበጠ ቆየና «እኔ መቀመጥ ያቃተ ጊዜ ለምን ፎቶ አላነሣም?» ሲል ጠየቀኝ። የካሌንደሩ ጀርባ ነጭና ጠንካራ ወረቀት ስለሆነ መቀሱን አንሥቶ ለሸሚዝ ኮሌታ መለኪያ ቆረጠው፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለወጣት ባልደረቦቼ ያለኝ ይኸው ነው። ይህ መድኃኒት እገሌን አዳነው ሲሏችሁ፣ እገሌ ዘንድ ሄዳችሁ የሚውጠው የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት።