ሽመላዎቹና የጨፌው አጥር

ለፋሲካ ዕረፍት ከማስተምርበት ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሬ ቡሬ አጠገብ ካለው ቀዬአችን ስደርስ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የማመራው ወደ ጨፌው ነበር። አባቴ ዳር ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «መጡ» ይሉኛል፣ እንዴት ሰነበትሽ እንኳ ሳይሉ። ሽመላዎቹን ነው። ሚያዝያ በገባ ቁጥር ሁለት ሆነው ከቄጠማው መሀል ይወርዳሉ። አንደኛው ረጅም እግሩን አንስቶ ሲጥል ለዝማሜ የቆመ ደብተራ ይመስል ስለነበር፣ አባቴ «ደብተራው» ብለው ስም አውጥተውለታል። «የሑዳዴ ጾም የጎዳው ደብተራ ነው፤ ቅልጥሙን እይው!» እያሉ ይስቃሉ። ዳክዬዎቹ ጫጩት አስከትለው ቄጠማ ለቄጠማ ይሹለከለካሉ፤ ሳቢሳዎቹ ላም ጀርባ ላይ ጉብ ይላሉ፤ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው አያነጋግርም። በዓመት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አልነበረኝም። አባቴም አልነበራቸውም።

ከዚያ ከብቱ ጨፌውን ረግጦ ጨረሰው ተባለና ጥብቅ ስፍራ ይሁን ተብሎ በስብሰባ ተወሰነ። አጥር ያስፈልገዋል አሉ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ አጥር ሲሉት ባሕር ዛፍ፣ ቤት ሲሉት ባሕር ዛፍ፣ የልጅ መዳሪያ ሲሉት ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌላ መላ አያውቅም። ሐሳቡን ያመጡት አባቴ ናቸው። ችግኙንም ከጓሯቸው ሰጡ፤ ደቦ ጠሩ፤ ጨፌው ዙሪያውን ተተከለ። «እንግዲህ ደብተራውን ማን ይነካዋል?» ብለው ተመረቁ፣ ተመሰገኑ።

ዛፉ ግን አጥር ነህ ብሎ የነገረው የለም። የጨፌውን ውኃ መጠጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዳክዬዎቹ ጠፉ። ቀጥሎ እንቁራሪቱ ዝም አለ፤ የዚያን ምሽት ጸጥታ እስካሁን እጠላዋለሁ። ጭቃው ተሰነጣጠቀ። ሽመላዎቹ መጥተው ከላይ ዞሩ፣ ዞሩና ሄዱ። በዓመቱ አንዱ ብቻ መጣ፤ ደብተራው ይሁን ሚስቱ አልለየንም።

አባቴ እንቁረጠው ብለው በየቤቱ ዞሩ። ማን ይሰማቸዋል? ዛፉ ደርሶ አጣና ሆኗል፤ ሁሉም የድርሻውን ለይቷል። «አባባ፣ እርስዎ ያስተከሉትን እርስዎ ያስቆርጡን?» አሏቸው በትሕትና። አባቴ ብቻቸውን መጥረቢያ ይዘው የራሳቸውን ድርሻ ጣሉት። ክረምቱ ሲመጣ ከየጉቶው ብዙ ሆኖ አቆጠቆጠ። ባሕር ዛፍ እንዲህ ነው፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ በአገራችን የለም፣ አባቴም ያውቁ ነበር።

ዘንድሮ ስደርስ ድንጋይዋ ላይ ማንም የለም። አባቴ ቤት ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። «አባባ፣ መጡ?» አልኳቸው። «እንዴት ሰነበትሽ ልጄ» አሉኝ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታውን አስቀደሙ። ተስፋዬ የተቆረጠው ያኔ ነው።

በቀዳም ሥዑር ጠዋት የንስሐ አባታችን እንደ ወጉ የቄጠማ እስር ይዘው ገቡ። ድሮ ቄጠማው ከእኛው ጨፌ ይታጨድ ነበር፤ የዘንድሮው ከጅጋ በመኪና መጥቶ ጫፉ ጠውልጓል። አባቴ ተደግፈው ተነሡ። ቄሱ በየዓመቱ የሚሉትን አሉ፤ የኖኅ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ እንደተመለሰች፣ የምሥራቹንም እንዳበሰረች።

«ውኃው ጎደለ፤ ደስ ይበላችሁ!»

አባቴ ቄጠማውን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ግንባራቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ መስቀሉን ተሳልመው ቀና ሳይሉ፣

«እኔ ነኝ ያጎደልሁት፣ አባ» አሉ።