ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት ካርድ

ባለፈው ሳምንት የቤታችን ኮምፒውተር ቦታ ሞላ እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ዝርክርክ ነገር አልወድምና አንድ በአንድ እየገባሁ ማጥፋት ጀመርሁ። አንዱ ፎልደር ውስጥ ስማቸው ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት፣ ከፍቼያቸው የማላውቅ ፋይሎች ተኮልኩለው አየሁና፣ እነዚህ ደግሞ ምን ይሠራሉ ብዬ ልሰርዛቸው ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«እማየ፣ ተይ! የሲስተም ፋይል ነው፤ እሱን ካጠፋሽው ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይነሳም!»

እጄን ሰበሰብሁ። ጆሮዬ ግን ጋለ፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት አንዴ አጥፍቼዋለሁና።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ነበረቻቸው፤ ወረቀቱን አይጥ የሚበላበት ጎረቤት ሁሉ አደራውን እዚያች ውስጥ ያስቀምጣል፤ እሳቸውም በየፖስታው ላይ ለራሳቸው ብቻ የሚገባቸውን ቁጥርና ፊደል በሐምራዊ ቀለም ይጽፉበታል። ከእጃቸው ወረቀት ጠፋ ተብሎ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ትንሽ ይኮሩም ነበር።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለፋሲካ እንደ ወጉ ግድግዳችንን በጋዜጣ ስለጥፍ ከበሩ አጠገብ ጋዜጣው አለቀብኝ። የዱቄቱ ሙጫ እየደረቀ ነው፤ እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ እኔ ደግሞ የጀመርሁትን ካልጨረስሁ አይሆንልኝም። ሳጥኗን ከፈትሁና ማንም ሲያነበው አይቼ የማላውቀውን፣ ማኅተሙ የሚያምር ወፍራም ካርድ ከፖስታው አውጥቼ በሩ አጠገብ ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ላይ አጣበቅሁት። ማኅተሙ ከላይ ይታይ ብዬም ዘቅዝቄ ለጠፍሁት።

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ታንኳ ሠሪው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ እያለከለኩ መጡ። ልጃቸው ሁሴን ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱን ያዩ ሰዎች ግን ለብሔራዊ ውትድርና መዝግበውታል፤ የዕድሜው ማስረጃ በዚያው ቀን ካልቀረበ በማግስቱ ይጫናል። ማስረጃው አባቴ ዘንድ በአደራ ያለው የጤና ጣቢያ ካርድ ነበር። አባቴ ፖስታውን ቢከፍቱት ባዶ። አገላበጡት፤ አራገፉት። እኔ በጣቴ ወደ ግድግዳው ጠቆምሁ።

ሊልጡት ቢሞክሩ ጠርዙ መቀደድ ጀመረ። አባቴ ተዉትና ሄደው የቀበሌውን ሊቀመንበር እየመሩ ቤታችን ድረስ አመጡ። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አጣመው፣ የተዘቀዘቀውን ካርድ ፊደል በፊደል አነበቡና ሳቅ አመለጣቸው።

«ልጁስ ይቅር፤ አልደረሰም። ለመሆኑ የሰው አደራ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ማነው?»

የጋሽ ሰይድ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ የለጠፍሁት» አሉ አባቴ። «እንዳይጠፋ ብየ።»

በማግስቱ ሳጥኗን ከፍተው እያንዳንዱ ፖስታ የማን እንደሆነ፣ ቢጠፋ ማን ምን እንደሚሆን አስተማሩኝ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ያ ቤት ዛሬ ፈርሷል። ጋሽ ሰይድም አልፈዋል፤ ሁሴን የልጅ ልጅ አይቷል። አባቴን ግን ወሬውን የሰሙ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «ግድግዳው» እያሉ ሲስቁባቸው ኖሩ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ እንጂ አንድ ቀን እንኳ እሷ ናት አላሉም። እኔ እግዜር ይስጥልኝ ያልኋቸው መቃብራቸው ላይ ቆሜ ነው።