ከጎርፍ በኋላ የተገኘችው ዛፍ

በታላቁ ሸለቆ ደቡብ አፋፍ፣ ዋላፓይ በሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች መንደር፣ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የእንጨት ማዘያ የምትሠራው ኤርማ ነበረች። ሙያውን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ማዘያው ከሕፃኑ ራስ በላይ የሚጋርድ ቅስት አለው፤ ማዘያው ከእጅ ቢወድቅ መሬት የሚነካው ቅስቱ እንጂ የሕፃኑ ግንባር አይደለም። ስለዚህም ኤርማ ለቅስቱ የምትመርጠው ሲጎብጥ የማይሰበረውን፣ በበረሃው መካከል ምንጭ በሚፈልቅበት ገደል የሚበቅለውን፣ አሽ የሚባለውን ትንሽ ዛፍ ነበር። ሕፃኑ ሳይወለድ እንጨቱ አይቆረጥም፤ ከተወለደም በኋላ እትብቱ ሳይወድቅ ማዘያው መድረስ አለበት።

በዚያ ዓመት ብርዱ ሳይወጣ ልጇ ሎርና የበኩር ልጇን ወለደች። የኤርማን ዓይን ግን ሞራ ጋርዶት፣ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር ሌላ አታይም ነበር። የሟች ባሏ እኅት ቨርዲ እጇን ይዛ ወደ ሸለቆው አወረደቻት።

“ቀስ በይ አንቺ! ከወደቅሽ ተሸክሜሽ አልወጣም” አለች ቨርዲ።

“ወሬሽን ብትተዪው ትንፋሽ ይተርፍሽ ነበር።”

በእነርሱ ዘንድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዛፉን የሚያውቀው በቆመበት ስፍራ ነው። የኤርማ ቤተሰብ ዛፍ ከቀዩ አለት በስተግራ ነበረች፤ አያቶቿም ከዚያው ቆርጠዋል።

“ይኸው አለትሽ፣ ይኸው ዛፍሽ። ቁረጪና እንሂድ፤ ጉልበቴ አልቋል።”

ኤርማ ቢላዋዋን አወጣች፤ እናቷ እንዳስተማረቻትም አስቀድማ ዛፏን አናገረች። “የልጄ ልጅ ተወልዷል። ራሱን የሚጠብቅለት ክንድ ስጪን” አለች በዝግታ። ከዚያም ቅርንጫፉን ዳሰሰች፤ እጇም ባለበት ቆመ።

“ይህቺ እሷ አይደለችም።”

“ምን ማለትሽ ነው? አለቱ እኮ ይኸው!”

“እምቡጦቹ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ናቸው። የእኛዋ ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት ነው የምታወጣቸው። ቅርንጫፏም ገና ቀጭን ሳለ አራት ማዕዘን አለው። ይኼ ክብ ነው።”

“ታዲያ አለቱ ዋሸ ልትዪኝ ነው?”

“ዙሪውና እዪው።”

ቨርዲ አለቱን ዞረች። ለዘመናት ፀሐይ ያጠቆረችው ፊቱ ከታች፣ አሸዋው ውስጥ ተቀብሯል። ያለፈው የዝናብ ወራት ጎርፍ ቤት የሚያህለውን ድንጋይ ገልብጦ ወደ ታች ወስዶት ኖሯል። ቨርዲ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

“እንዲህ ያለውን ድንጋይ ካንከባለለ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ዛፏንማ ምን ያተርፋታል?”

ኤርማ አለቱ ቀድሞ ወደ ነበረበት ስፍራ፣ የውኃውን ድምፅ ተከትላ፣ በመዳፏ ገደሉን እየተደገፈች ወደ ምንጩ ራስ ወጣች። በዚያም ጣቶቿ ከአለቱ ስንጥቅ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ አገኙ። አራቱን ማዕዘኖች ዳሰሰች፤ ጥንዶቹንም እምቡጦች።

“ቨርዲ፣ ምን ትመስላለች? ንገሪኝ።”

ቨርዲ ጎንበስ ብላ ዛፏን ከሥር እስከ ጫፍ አየቻት።

“አፈር የላትም” አለች። “ጎርፉ ከሥሯ ጠርጎ ወስዶባታል። ሥሮቿ እንደ እጅ ጣቶች ድንጋዩን ጨብጠውታል፤ ግንዷ ወደ ጎን ተጋድሟል። ግን ከተጋደመው ላይ አዳዲስ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ወደ ሰማይ ወጥተዋል። ኤርማ፣ ሁሉን የወሰደው ውኃ እሷን እንዴት ተዋት?”

ሁለቱም ሴቶች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ያቺን ዛፍ በድንጋይ ላይ የተከለ ኃይል በዚያ ጠባብ ገደል ከእነርሱ ጋር የቆመ ይመስል ነበር፤ ከምንጩ ጠብታ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ኤርማ የምትፈልገውን አንዱን ዘንግ ብቻ ቆርጣ ሌሎቹን ተወች። ልጣጩን ገፈፈች፤ በምንጩ ውኃ አራሰችው፤ ከዚያም በጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሁለቱን ጫፎች ወደ ራሷ ሳበች። ዘንጉ ጎበጠ፤ ይበልጥም ጎበጠ፤ አንዳች የመሰንጠቅ ድምፅ ሳያሰማ ቅስት ሆነ።

“ገመዱን አቀብዪኝ” አለች ኤርማ፤ ጫፎቹንም አሰረች።