ሳክስፎኑ ያስጮኸኝ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ሮቤ ውስጥ በምሠራበት ፔንሲዮን ግቢ ሰፈሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ገባ። የጠራሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይሞቃል። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ያስቀኛል።

እኔን ለሚያውቅ ሰው ይሄ የሚታመን አይደለም። ያደግኩት ከጎባ ወጣ ያለ ገጠር ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም ነበር። ስድስተኛን እንደጨረስኩ ትምህርቱን ትቼ ሮቤ ገባሁ። ፔንሲዮኑ ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። ሥራው አይከብደኝም። የሚከብደኝ በር አንኳኩቶ «ቁርስ ደርሷል» ማለት ነበር። አንኳኩቼ ዝም እላለሁ። እንግዳው ከፍቶ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ ውብዓለም ክፉ ሰው አይደሉም። እንግዶች ግን አማረሩባቸው። «አፍሽ ተለጉሟል እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን። «እስከ ገና አይሻለሁ። ካልተናገርሽ የሚናገር ሰው እቀጥራለሁ።» ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ቁርስ ደርሷል» እያልኩ እለማመድ ነበር። ሲነጋ ድምፁ የለም።

በዚህ መሃል ሦስት ሙዚቀኞች ከአዲስ አበባ መጡ። ዮናታን የሚባለው ሳክስፎን ይነፋል። አንዱ ድራም ይመታል። ሦስተኛው ቀጭን ልጅ ቤዝ የሚሉትን፣ ቁመቱ ከእሱ የሚበልጥ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወታል። የጃዝ አልበም ሊቀዱ ነው የመጡት። ከግቢው ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን ተከራዩ። ከኋላው የስንዴ ማሳ ስለሆነ የመኪና ድምፅ አይሰማም። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ፍራሽ ሁሉ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። በሩንም በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረዱት።

የመጀመሪያው ቀን ቀስ ያለ ነገር ተጫወቱ። ልብስ እያጠብኩ ሰማሁት፣ ደስ ይል ነበር። ሙዚቃቸው ይሄው ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ተጣሉ።

«ሠርግ ቤት ያለህ ይመስል ነው እኮ የምትመታው» አለው ዮናታን ድራም መቺውን።

«አንተስ? ሙሽራ የምትሸኝ ነው የምትመስለው!»

ቀጭኑ ልጅ ሊያስታርቅ ገባና ሁለቱም ተቆጡት። ሦስቱም ተኮራርፈው መጋዘን ገቡ።

ረፋድ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። መጀመሪያ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። ቀጥሎ ጩኸት መጣ። ሰው ሲታነቅ የሚያወጣው ዓይነት ጩኸት ነው። ይሰነጠቃል፣ ይቀጥናል፣ ግን አይቋረጥም። ትንፋሽ እንኳን አይወስድም። ቀጭኑን ልጅ ገደሉት አልኩ። ሮጬ በሩን ደበደብኩ። የሚከፍት የለም። ጩኸቱ ጭራሽ ባሰበት።

እኛ አገር እንዲህ ሲሆን የሚደረገው አንድ ነው፤ ኡኡ ይባላል። ኡኡታ የሰማ ሰው ማን ነው፣ ለምን ነው ብሎ አይጠይቅም። የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ሰምቶ ቤቱ የቀረ ሰው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አይሄድም። ይህን ሳያውቅ ያደገ ልጅ የለም።

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩና ጮኽኩ። «ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!» እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ግቢው ወዲያው ሞላ። ባለ ጋሪዎች ከነአለንጋቸው፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ዘነዘና የያዙ ጎረቤት ሴቶች። ከፊት የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ከድር ዱላቸውን ወድረው ደረሱ።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ድምፄ እንደገና ጠፋ። በእጄ መጋዘኑን አሳየኋቸው።

በሩን ሊገነጥሉት ሲሉ ከውስጥ ተከፈተ። ዮናታን ሳክስፎኑን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። ከኋላው ድራም መቺው ወጣ። በመጨረሻ ቀጭኑ ልጅ ወጣ፤ ደህና ነው። ለካ የእሱ ተራ ስላልነበረ ጥግ ተቀምጦ ሙዝ ይበላ ነበር።

«ማን ሞተ?» አሉ ኦቦ ከድር።

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማን ነው የጮኸው?»

ዮናታን ሳክስፎኑን አየት አደረገና «ይሄ ነው» አለ።

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ውብዓለም ሻሻቸው ወልቆ ደረሱ። «ዓመት ሙሉ ተናገሪ ስልሽ ዝም ብለሽ፣ ዛሬ ከተማ ታስነሺብኛለሽ? እንግዶቼን ነፍሰ ገዳይ አድርገሽ!» ገና እስኪደርስም አይቆዩኝም አልኩ በልቤ። ልብሴን በምን እንደማስር ማሰብ ጀመርኩ።

ሰው ሊበተን ሲል ኦቦ ከድር ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ቆዩ! ኡኡታ የጠራው ሰው ጉዳዩን ሳያይ አይመለስም። ልጄ፣ ያስጮኻትን ነገር ንፋውና እኛም እንስማው።»

ዮናታን ግቢው መሃል ቆሞ ነፋ። ያው የታነቀ ሰው ጩኸት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ።

«ይሄማ ሆዱን ቆርጦታል» አለ አንድ ባለ ጋሪ።

«ዝም በል፣ ጉሬዛ ነው። ሪራ ጫካ ውስጥ ሲነጋ እንዲህ ነው የሚጮኸው» አለች ማር ይዛ ገበያ የመጣች ሴት።

በሩ ላይ የታሰረ የጋሪ ፈረስ አሽካካ። ዮናታን ወደ ፈረሱ ዞሮ በሳክስፎኑ መለሰለት። ፈረሱም ደገመ። ያን ጊዜ ዘነዘና የያዙት ሴቶች ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ።

ኦቦ ከድር ግን አልሳቁም። እስኪያልቅ አዳመጡና «ልጅቷ አላጠፋችም። እኔም ብሆን እጮህ ነበር» አሉ። ወደ እትዬ ውብዓለም ዞሩ። «ዘበኛ ፈልግልኝ ስትይኝ አልነበር? ይኸው፣ ከቤትሽ ተገኘልሽ።»

ሰው ከሄደ በኋላ ዮናታን ጠራኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። መቅጃቸው አልተዘጋም ነበር። ሳክስፎኑ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሩቅ የእኔ ኡኡታ ይገባል። ድራሙ ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደ ናዳ ይወርዳል።

«ይሄ ሰውዬ ገና ዛሬ በደንብ መታ፤ ለዚያውም ደንግጦ ነው» አለ ዮናታን። «እኛ እንዲቀር እንፈልጋለን። ግን ድምፁ ያንቺ ነው። ካልፈቀድሽ እናጠፋዋለን።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«በአፍሽ።»

«ይሁን» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ይሁን!»

እትዬ ውብዓለም በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «ለካ ድምፅ አለሽ!» አሉ። «በይ ነገ ለቁርሱም እንዲሁ አድርጊ።»

በማግስቱ የሦስቱንም በር አንኳኩቼ «ቁርስ ደርሷል» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ተሰማ። ገናም አለፈ። እኔም ይኸው እዚያው እሠራለሁ።

አልበሙ ሲወጣ አንድ ዲስክ ላኩልኝ። ሽፋኑ ላይ የሦስቱ ስም ከነመሣሪያቸው ተጽፏል። ከሥራቸው የእኔም ስም አለ፤ «ድምፅ፦ ብርቱካን» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሙዚቃው ሁሉም አይገባኝም፤ አንዳንዱ ራሴን ያመኛል። ደጋግሜ ስሰማው ግን የት ላይ እንደሚታጠፍ እያወቅኩት መጥቻለሁ። የእኔ ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌር ያንን ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ከፍቶት በደጃችን አለፈ። ኡኡታው እንደተሰማ ኦቦ ከድር ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ግራ ቀኙን አይተው፣ አስፋልቱን አሻግረው እኔን አዩኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ዛሬም አንቺ ነሽ?»

«አዎ ኦቦ፣ እኔ ነኝ!» አልኳቸው። ማዶ ሆነው ሰሙኝ።