ዳሱ የበረረ ዕለት

የዚያን ቀን የሠርጉን ዳስ አፉን ወደ ሳነቲ ተራራ አዙሬ ተከልኩት። ጎባ ላይ ነፋስ የሚወርደው ከሳነቲ መሆኑን ጡት ያልጣለ ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን በባህር ኃይል ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ነፋስ ማን ይመክረኛል?

የምትድረው ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅቷም የመጨረሻዋ ናት። የወንዱ ወገን የሚመጣው በፈረስ ነው። ፈረሰኞቹ ከመንገድ ሲታጠፉ ከውስጥ ይታዩ ብዬ ነው እንዲያ ያደረግኩት። ፈረስ እየተርገበገበ የሚጮህ ሸራ ካየ ጋላቢውን ጥሎ እንደሚሄድ አልታሰበኝም።

ጓደኛዬ አጥር ተደግፎ ይታዘበኛል። እሱ አየር ኃይል ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ሁለታችንም ወደ ባሌ ተመለስን፤ እኔ ወሬ ይዤ፣ እሱ ረጅም የፓራሹት ገመድ ይዞ። ዘሎ አያውቅም፣ ሥራው ጎማና ነዳጅ ነበር። በገመዱ ልብስ ያሰጣበታል። በጦርነቱ አንዴ ብቻ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ከአስመራ ወደ አሰብ በርሯል።

«መርከባችሁን ከላይ አይቻታለሁ» አለኝ እንደ ልማዱ። «ቅማል ታክል ነበር።»

«እኛም አይተንሃል። ሽንኩርቱ ይውደቅልን ብለን ጸለይን።»

ጸሎቱ እንኳ እውነት ነው። ያን ሰሞን የምንበላው ደረቅ ብስኩት ነበር፣ ውሃም በጣሳ እየተሰፈረ። እኔ ደግሞ ከተኮስኩት ያስታወክኩት ይበልጣል።

ይህን ስንባባል ነፋሱ ወረደ። ሸራው እንደ ሆድ ተነፋ፣ ሁለት ምሰሶ ተነቀለ፣ አንዱ ማሰሪያ ተበጠሰ። ሌላውን ይዤ ስንጠለጠል እግሬ መሬት ለቀቀ።

«ካፒቴን» አለ ጓደኛዬ፣ «እንኳን ወደ አየር ኃይል በደህና መጣህ።»

የሙሽሪት እናት ነጠላዋን አገልድማ እየሮጠች መጣች። «ኦቦ፣ ፈረሶቹ ድልድዩ ጋ ደርሰዋል አሉ። ይተዉት በቃ፣ እንግዳው ሜዳ ላይ ይቀመጥ።» ድምጿ ግን ሊያለቅስ ነው። ሰማዩም ጠቁሯል።

ያኔ ምጽዋ ላይ በማዕበል ቀን አለቃችን ያለን ትዝ አለኝ፤ ነፋስን አትታገሉት፣ ዝቅ በሉለት ይለን ነበር። የሳነቲውን ጎን እስከ መሬት አውርደን ዘጋነው፣ በጓሮ በኩል ከፈትነው። ያጠረን ገመድ ነው። ጓደኛዬ አየኝና ወደ ቤቱ ሄደ፣ ገመዱን አንድ እርጥብ ሱሪ እንደተንጠለጠለበት ይዞ መጣ።

«እንዳትቆርጠው።»

«ሳልቆርጥ እመልስልሃለሁ» አልኩና ባህር ዛፉ ላይ በመርከበኛ ቋጠሮ አሰርኩት።

ፈረሰኞቹ በጓሮ፣ በጎመኑ መሃል ገቡ። ሸራው ጸጥ ብሎ ነበር፤ አንድም ፈረስ አልደነበረም። እናትየዋ «አልሃምዱሊላህ» ብላ እልል ስትል ጎመኑንም እንደረሳችው ገባኝ። ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም ደረቅ ቦታ ተቀምጠን እየበላን ነበር።

ቋጠሮው ግን ዝናብ ጠጥቶ ጠበቀ። በማግስቱ በጥርሴም ሞከርኩ፣ አልተፈታም።

«ማሰር እንጂ መፍታት አላስተማሩህም?» አለኝ።

«ልቁረጠው?»

«ሞክረህ እየው።»

ገመዱ ዛሬም ባህር ዛፉ ላይ ነው። ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን የሚያሰጣው እኔ አጥር ላይ ነው፤ አንድ የልብስ ገመድ አለብኝና ምንም ልለው አልችልም።